የጓሮ ዓሣ ኩሬን ለበልግ ማዘጋጀት፦ ለኮምቦልቻና ለደሴ አርቢዎች

ኅዳርና ታኅሣሥ ኮምቦልቻ ላይ ለቆሮሶ (ቲላፒያ ለሚባለው ዓሣ) ክፉ ወራት ናቸው። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ሌሊት ግን ከየጎፍ ተራራ የሚወርደው ብርድ ኩሬውን ያቀዘቅዘዋል፣ ዓሣውም ከሥር ተኝቶ መኖ አይነካም። የካቲት ሲጋመስ ነገሩ መለወጥ ይጀምራል። ረፋድ ላይ ወደ ኩሬው ጠጋ ስትሉ ውሃው ላይ ትናንሽ ክብ ክብ ሞገዶች ታያላችሁ። ዓሣው ወደ ላይ መውጣት ጀምሯል ማለት ነው፤ የዓመቱ ትልቅ ሥራም የሚጀመረው ያኔ ነው። ባሕረ ሐሳቡ ጸደይን መጋቢት 26 ያስገባዋል፤ ኩሬው ግን ዝግጅቱን ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ይፈልጋል። የበልጉ ዝናብ ደለል የሞላው ኩሬ ላይ ከወረደ ምን እንደሚሆን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

የእኔ ኩሬ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ የፕላስቲክ ንጣፍ) የተነጠፈበት ነው፤ 4 በ6 ሜትር፣ ጥልቀቱ በአማካይ 1 ሜትር። 24 ሺህ ሊትር ይይዛል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው መጠኖች ለዚህ ኩሬ የተሰሉ ናቸው፤ የእናንተ ግማሹን የሚያህል ከሆነ በግማሽ ቀንሱ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት። በመጀመሪያው ዓመቴ ኩሬ ማዘጋጀት ማለት ማጠብ መስሎኝ ነበር። ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠብታ አወጣሁ፣ ጂኦሜምብሬኑን በብሩሽ ፈትጌ አጸዳሁ፣ በዚያው ቀን ከቧንቧ ሞላሁና ዓሣዎቹን መለስኩ። ውሃው ጥርት ብሎ ታችኛው ጥግ ድረስ ይታይ ነበር፤ ቤተሰቡ ሁሉ መጥቶ አደነቀ። በማግስቱ ጠዋት ከ40ዎቹ ዓሣዎች 17ቱ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈው አገኘኋቸው። የገደላቸው የቧንቧው ክሎሪንና ድንገተኛው የሙቀት ለውጥ ነበር። የተረፉትም ቢሆኑ ለሳምንታት አልበሉም፤ ምክንያቱም ቆሻሻ ነው ብዬ የደፋሁት አረንጓዴ ውሃ ምግባቸው ነበር። ስለዚህ ይህን መመሪያ ስታነቡ አሮጌው ውሃ ንብረታችሁ መሆኑን አትርሱ። በሥራው መጨረሻ ኩሬው ውስጥ ቢያንስ ሲሶው መቅረት አለበት።

መጀመሪያ ቴርሞሜትር

ሥራውን የሚያስጀምረን የካላንደሩ ቀን ሳይሆን የውሃው ሙቀት ነው። ቤት ውስጥ ለትኩሳት የምንጠቀምበት ቴርሞሜትር ለዚህ አይሆንም፤ ለሰው ሙቀት የተሠራ ስለሆነ የቀዘቀዘ ውሃ አያነብም። ከዜሮ ጀምሮ የሚያነብ የላቦራቶሪ ወይም የወተት ቴርሞሜትር ፈልጉ። በገመድ አስራችሁ ከውሃው ገጽ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች አውርዱት፤ ሦስት ደቂቃ ጠብቁና አንብቡ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ሌላ ጊዜ። ይህን ለአንድ ሳምንት በደብተር መዝግቡ።

ቆሮሶ የሙቅ ውሃ ዓሣ ነው። በደንብ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ውሃ ውስጥ ነው። ከ20 በታች እድገቱ ይዝላል፣ ከ16 በታች መብላት ያቆማል፣ ወደ 11 እና 12 ሲወርድ ይሞታል። የጠዋቱ ንባብ ሳምንቱን ሙሉ ከ18 ዲግሪ በላይ እስኪሆን ድረስ ዓሣውን በመረብ አትንኩት። በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተያዘ ዓሣ ቅርፊቱ በተላጠበት ቦታ ሁሉ ጥጥ የሚመስል ነጭ ሻጋታ ያበቅላል፤ ከዚያ በኋላ ማዳኑ ከባድ ነው። ሳምንቱ እስኪሞላ ዓሣውን የማይነካውን ሥራ ትሠራላችሁ፦ ዙሪያውን ማጨድ፣ ቦይ መቆፈር፣ ቀዳዳ መፈለግ።

ማጨዱን ቀላል ሥራ ነው ብላችሁ አትለፉት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አገራችን ውስጥ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ ደግሞ ወባ የሚያሰጋው ነው። ኩሬው መሀል ላይ ያለውን የትንኝ እጭ ዓሣው ራሱ ይበላዋል። ሣሩ ዳር ላይ ውሃው ውስጥ ሲተኛ ግን ዓሣው የማይደርስበት መደበቂያ ለእጩ ይፈጥርለታል። ዳር ዳሩን ግማሽ ሜትር ያህል አጽዱ። ከጎን ያለው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ኩሬው ላይ አጎንብሶ ከሆነም ቁረጡት፤ ቅጠሉ ውሃውን ሻይ አስመስሎ ያጠቁረዋል፣ ጥላውም ሙቀት ይከለክላል።

ቀዳዳ አለ ወይስ ትነት ነው?

የበጋ ኩሬ ይጎድላል፤ ጥያቄው ለምን ጎደለ የሚለው ነው። አንድ ባልዲ ውሃ ሞልታችሁ ኩሬው ውስጥ ድንጋይ ላይ አስቀምጡት፤ አፉ ከውሃው በላይ ይሁን። በባልዲው ውስጥም በኩሬው ዳርም የውሃውን ልክ በምስማር ወይም በቀለም ምልክት አድርጉ። ከሁለት ቀን በኋላ ሁለቱም እኩል ከጎደሉ ትነት ነው፣ አትጨነቁ። ኩሬው ከባልዲው የበለጠ ከጎደለ ቀዳዳ አለ። ውሃው እየወረደ ወርዶ የሚቆምበትን ከፍታ ልብ ብላችሁ እዩ፤ ቀዳዳው እዚያው መስመር ላይ ይገኛል።

ቀጭንና ለስላሳው ፕላስቲክ ቦታው ደርቆ በአሸዋ ወረቀት ከተፈተገ በኋላ በማስቲሽ ይለጠፋል። ወፍራሙና የሚያብረቀርቀው ጥቁሩ ግን ማስቲሽ አይዝም፤ በሙቀት የሚያጣብቅ ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ደለሉን ማውጣት

በአንድ ዓመት ውስጥ የተረፈ መኖ፣ የዓሣ ኩስ፣ ቅጠልና አቧራ ከሥር ይጠራቀማል። ረጅም እንጨት አስገብታችሁ አውጡና ጫፉን አሽትቱ። የእርጥብ አፈር ሽታ ካለው ደህና ነው። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ግን ከሥር አየር አጥቶ የበሰበሰ ነገር አለ፤ ያ ጥቁር ጭቃ ሲታወክ ዓሣ የሚመርዝ ጋዝ ይለቃል። ለዚህ ነው ኩሬው ውስጥ ገብቶ በአካፋ መዛቅ የማይደረገው።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ረጅም የውሃ ጎማ አንዱን ጫፍ ዱላ ላይ አስራለሁ፣ ሌላውን ጫፍ ከኩሬው ዝቅ ወዳለው የጎመን መደብ እወስዳለሁ። ጎማውን በውሃ ሞልቼ ሁለቱንም ጫፍ ደፍኜ አንዱን ኩሬ ውስጥ እከተዋለሁ፤ የታችኛውን ስለቀው ውሃው በራሱ መውረድ ይጀምራል። ከዚያ ዳር ቆሜ ዱላውን ደለሉ ላይ ቀስ እያልኩ አንሸራትታለሁ፣ ልክ ወለል እንደሚጠርግ ሰው። ጎማው ጭቃውን ከነውሃው ይመጠዋል። ኩሬው አይታወክም፣ ዓሣውም እዚያው ነው፤ የሚጎድለው ውሃ ደግሞ በጣም የቆሸሸው የሥረኛው ነው። ጎማው ውስጥ ትንንሽ ዓሣ እንዳይገባ ጫፉ ላይ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያለው ወንፊት አስራለሁ።

ይህ ሥራ በሁለት ቀን ቢከፈል ይሻላል። ውሃው 40 ሴንቲ ሜትር ሲቀር አቁሙ፤ ያ ከ9,600 ሊትር የማያንስ አሮጌ ውሃ ነው። ከሥር ሁለት ጣት ያህል ስስ ደለል ቢቀርም ተዉት፤ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት አዲሱን ውሃ ሕይወት ይዘሩበታል። የወጣውን ደለል ለጎመን፣ ለቃሪያና ለጌሾ ስጡት። የእኔ ጓሮ ጎመን ከሚያዝያ ጀምሮ የሚይዘውን ጥቁር አረንጓዴ መልክ ያገኘው ከዚህ ነው እንጂ ከሌላ ማዳበሪያ አይደለም።

ዓሣውን መለየት

ውሃው ዝቅ ሲል ዓሣውን ለማየት በዓመት አንዴ የሚገኝ ዕድል ይከፈትላችኋል። በርሜሎቹን ቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ደለሉን ከመንካታችሁ በፊት ከኩሬው ገጽ በተቀዳ ንጹሕ አሮጌ ውሃ ሙሏቸውና ጥላ ሥር አስቀምጡ። በ200 ሊትር በርሜል ከ25 በላይ መካከለኛ ዓሣ አታስገቡ፤ ላዩንም ሸፍኑት፣ ቆሮሶ ይዘላል። በየሩብ ሰዓቱ ውሃውን በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መመለስ አየር ይሰጣቸዋል። ሥራውን ጠዋት 3 ሰዓት ጀምራችሁ ከቀትር በፊት ጨርሱ።

መረቡ ቋጠሮ የሌለው ለስላሳ ይሁን። እጃችሁን ዓሣው ላይ ከማሳረፋችሁ በፊት በኩሬው ውሃ አርጥቡት፤ ደረቅ እጅ የዓሣውን ልጋግ ይገፋል፣ ልጋጉ ደግሞ ቆዳውን ከበሽታ የሚከልለው ነው። ዐሥሩን በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑና አማካዩን ጻፉ፤ የመኖውን መጠን በኋላ የምናሰላው ከዚህ ነው።

ከዚያ ወንድና ሴቱን ለዩ። አንድ ዓሣ በግራ እጃችሁ በጀርባው አስተኙት፣ ጭንቅላቱ ወደ መዳፋችሁ ይሁን። ከሆዱ በስተኋላ፣ ከታችኛው ክንፍ ቀድሞ፣ ትንሽ ጡት የሚመስል ነገር ታያላችሁ። ወንዱ በዚያ አካባቢ በጠቅላላው ሁለት ቀዳዳ አለው፦ አንዱ የኩሱ፣ ሌላው ጡቱ ጫፍ ላይ ያለው። ሴቷ ሦስት አላት፤ ጡቷ አጠር ብሎ ሰፋ ይላል፣ መሀሉ ላይም አግድም የተሰነጠቀ መስመር አለ። ዓሣው ከ30 ግራም በላይ ከሆነ በፀሐይ ብርሃን በደንብ ይለያል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ታደናግራላችሁ፤ ከሃያ በኋላ ዓይናችሁ ይለምዳል።

ይህ ልፋት ለምን? ቆሮሶ ውሃው ከ22 ዲግሪ ሲያልፍ መራባት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ ተኩል ያህል ሴቷ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ታቅፋ ትፈለፍላለች። ወንድና ሴት ተቀላቅለው ከቆዩ ሐምሌ ላይ ኩሬው በጣት በሚያህል ዓሣ ይሞላል፤ ሁሉም ይበላሉ፣ አንዱም አያድግም። እኔ ወንዶቹን እመልሳለሁ፣ ሴቶቹ ለምጣድ ይሄዳሉ። ወንድም ፈጥኖ ያድጋል። ሁሉንም መለየት ካልቻላችሁ ከ50 ቆሮሶ ጋር 4 ወይም 5 አምባዛ (ሌላ ዓሣ የሚበላ ዓሣ) አስገቡ፤ የተፈለፈለውን እየለቀመ ይቆጣጠርላችኋል። አምባዛዎቹ ሲገቡ ከቆሮሶዎቹ ያነሱ መሆን አለባቸው፤ አለዚያ የሚለቅሙት ሌላ ይሆናል።

ከ200 ግራም በላይ የሆኑትን አውጡ። ጊዜው ከሁዳዴ ጋር ስለሚገጥም ዓሣ የሚበላ ጾመኛ ጎረቤት ካላችሁ ገዢ አታጡም። እነዚህን ኩሬው ውስጥ ተጨማሪ ሁለት ወር ማቆየት ቦታና መኖ ማባከን ነው።

ቁስል ወይም ቅማል የመሰለ ነገር ያያችሁበትን ዓሣ በ1 ሊትር ውሃ አዮዲን ያልተጨመረበት 10 ግራም የገበታ ጨው አሟሙታችሁ ለ10 ደቂቃ ንከሩት። ሚዛኑን ከሳተ ወይም ወደ ጎን ከተጋደመ ወዲያው አውጡት።

የአፈር ኩሬ ያላችሁ

ዋልካ ላይ የተቆፈረ ኩሬ ሌላ መንገድ አለው። ዓሣውን በሙሉ የምታወጡት ከሆነ ብቻ ኩሬውን አድርቁ፤ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ሰው ሲረግጠው እግሩ የማይሰጥም እስኪሆን ድረስ ፀሐይ ይምታው። ይህ ጥገኛ ተባዩን፣ የጉርጡን እጭና የተረሳውን አምባዛ ይጨርሳል። አምባዛ ጭቃ ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ እርጥብ ጉድጓድ እንዳይቀር አረጋግጡ።

ኖራ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰው የሚያደናግረውም እዚህ ላይ ነው። ግድግዳ የሚቀባው ነጭ ኖራ የተቃጠለና የሚያቃጥል ነው፤ ተባይ ለመግደል በደረቀው ኩሬ ላይ በካሬ ሜትር 100 ግራም ይበተናል። ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛና መነጽር ያስፈልገዋል፤ ዓሣ ባለበት ውሃ ውስጥ ፈጽሞ አይጨመርም። ከእሱ በኋላ ውሃ ሞልታችሁ ቢያንስ ዐሥር ቀን ጠብቁ፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ9 በታች ሳይወርድ ዓሣ አታስገቡ። ሁለተኛው የአሲዳማ እርሻ ማከሚያው የተፈጨ ጥሬ የኖራ ድንጋይ ነው። አያቃጥልም፤ የኩሬው አፈር ፒኤች ከ6.5 በታች ከሆነ በካሬ ሜትር ከ100 እስከ 200 ግራም ይበቃል። ፒኤቹ 7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ኖራ ገንዘብ መጣል ነው። ጂኦሜምብሬን የተነጠፈበት ኩሬ አፈር ስለማይነካ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም።

ውሃ መሙላት

ከ40 ሴንቲ ሜትር ወደ 1 ሜትር ለመመለስ 14,400 ሊትር ይጎድላችኋል። ይህን በአንድ ቀን አትሙሉት። እኔ 2,000 ሊትር በሚይዝ ሮቶ ከቧንቧ እቀዳለሁ፣ ክዳኑን ከፍቼ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አሳድረዋለሁ፤ ክሎሪኑ ይተናል፣ ውሃውም ይሞቃል። ከዚያ ወደ ኩሬው እለቀዋለሁና ሮቶውን እንደገና እሞላለሁ። ሰባት ዙር፣ ሁለት ሳምንት። የመጀመሪያውን ዙር የማስገባው ዓሣዎቹን ከበርሜል ከመመለሴ በፊት ነው። ቸኩላችሁ በቀጥታ ከቧንቧ መጨመር ግድ ካላችሁ በቀን ከኩሬው ውሃ አንድ ዐሥረኛውን አትለፉ፤ ጎማውን ከፍ አድርጋችሁ ውሃው እንደ ካፊያ እየተበተነ ይውረድ።

ከቦርከና ውሃ ቀድታችሁ አትሙሉ። ወንዙ ከተማ ከገባ በኋላ የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ይቀላቀለዋል፤ ዓሣው ባይሞት እንኳ የሚበላው ሰው አለ። የጉድጓድ ውሃ ጥሩ ነው፤ ከመሬት ሲወጣ ግን አየር ስለሌለው እሱንም ከከፍታ እየወረወሩ ማስገባት ያሻል።

ሌላው አደጋ የጎረቤት ጫት ወይም የራሳችሁ ቲማቲም ላይ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት፣ ማላታይን፣ ነው። የርጭት ቀን ነፋሱ ወደ ኩሬው ከሆነ በፕላስቲክ ሸፍኑት። መርጫው የታጠበበት ውሃ ወደ ኩሬው እንዳይወርድ ከላይ በኩል አንድ ክንድ ስፋት ያለው ቦይ ቆፍሩ። ቦዩ ለዝናቡም ያገለግላል።

አረንጓዴው ውሃ

አዲሱ ውሃ ዓሣ እንዲመግብ መዳበር አለበት። ደረቅ የዶሮ ኩስ በሳምንት በካሬ ሜትር 50 ግራም፣ ለእኔ ኩሬ 1.2 ኪሎ። የከብት ፍግ ከሆነ እጥፉን። ዝም ብሎ አይበተንም፤ በጆንያ ተቋጥሮ አንድ ጥግ ላይ ግማሽ ድረስ ይነከራል። በየቀኑ እንደ ሻይ ከረጢት ሁለት ሦስት ጊዜ ትነቀንቁታላችሁ። አስፈላጊ ሲሆን ጆንያውን መንቀል መቻላችሁ ትልቅ ጥቅም ነው፤ የተበተነ ፍግ ግን ተመልሶ አይሰበሰብም።

ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ውሃው ለጋ ሣር የመሰለ ቀለም ይይዛል። የሚለካው በክንድ ነው። መዳፋችሁን ወደ ላይ አዙራችሁ እጃችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ውሃው አስገቡ። ውሃው ክርናችሁ ጋ ሲደርስ ጣቶቻችሁ ደብዝዘው የሚጠፉ ከሆነ ልክ ነው። ክርናችሁ ገብቶም ጣታችሁ ቁልጭ ብሎ ከታየ ኩስ ይጨመር። የእጅ አንጓችሁ ሳይደርስ መዳፋችሁ ከጠፋ በዝቷል፤ ጆንያውን አውጡና ሩብ ሜትር ያህል ውሃ በሮቶው ውሃ ቀይሩ። ቀለሙ ከጭቃ የመጣ ቡናማ ከሆነ ይህ መለኪያ አይሠራም።

መብዛቱ ለምን ያስፈራል? ያ አረንጓዴ ነገር ቀን አየር ይሠራል፣ ሌሊት ግን ከዓሣው ጋር ተሻምቶ ያንኑ አየር ይተነፍሳል። ንጋት ላይ የሚቀረው በጣም ጥቂት ነው። የእኛ አገር ደግሞ ከፍታ አለበት፦ በኮምቦልቻ ከፍታ ውሃ መያዝ የሚችለው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፉ አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው፣ ደሴ ላይ ሩብ ያህል ይጎድላል። ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ የዓሣ ብዛት ቁጥር ስታገኙ ይህን አስቡና ቀንሱ። በካሬ ሜትር ሁለት ቆሮሶ፣ ማለትም ለ24 ካሬ ሜትር ወደ 50፣ ማሽን ለሌለው ጓሮ በቂ ነው።

መኖ

ከክረምቱ እስከ ክረምት አንድ ዓይነት መጠን መስጠት የብዙ ጀማሪ ስህተት ነው። የከሰዓቱ ንባብ ከ18 እስከ 20 ከሆነ የዓሣውን ጠቅላላ ክብደት አንድ ከመቶ፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ 8 ሰዓት ላይ። ከ22 ሲያልፍ ሁለት ከመቶ። 25 ሲደርስ ሦስት ከመቶ፣ ለሁለት ተከፍሎ 4 ሰዓት እና 9 ሰዓት ላይ። 50 ዓሣ በአማካይ 80 ግራም ቢመዝኑ ጠቅላላው 4 ኪሎ ነው፤ ሁለት ከመቶው 80 ግራም ይሆናል። አንድ የቡና ስኒ ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ብዙ ሰው የሚሰጠው ግን በጣሳ ነው።

እኔ ግማሽ በግማሽ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ እቀላቅላለሁ፤ በትንሽ የስንዴ ዱቄት ገንፎ አቡክቼ እንደ ሽምብራ አድቦልቡዬ አደርቀዋለሁ። ፋጉሎው ሻጋታ ከሸተተ ጣሉት። መኖውን ውሃው ውስጥ በታሰረ ሳህን ላይ አስቀምጡ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሳህኑን ስታወጡ ትርፍ ካለ ነገ ቀንሱ። ደመናማና ቀዝቃዛ ቀን ሲሆን ጭራሽ አትስጡ።

የመጀመሪያው ዝናብ

ሁለተኛው ዓመቴ ላይ፣ ሚያዝያ መጀመሪያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ከባድ ዝናብ ከበረዶ ጋር ወረደ። የዚያን ዓመት ደለሉን አላወጣሁም ነበር። ንጋት ላይ የጎረቤቴ እናት በአጥሩ በኩል ጠሩኝ፦ «ልጄ፣ እነዚህ ዓሣዎችሽ ምን ሆነው ነው አፋቸውን የሚከፍቱት?» ስወጣ ሁሉም በአንድነት ገጹ ላይ ተደርድረዋል፤ ከንፈራቸው ክብ ሆኖ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ስቀርባቸውም አይሸሹም። ቀዝቃዛው የዝናብ ውሃ ከብዶ ወደ ታች ሲወርድ የሥሩን አየር አልባ ውሃ ወደ ላይ ገልብጦት ነበር። ከወንድሜ ጋር ባልዲ ይዘን ውሃውን ከኩሬው እየቀዳን ከትከሻችን ከፍታ ስንመልስ ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ፀሐይ ሞቅ ሲል አንድ በአንድ ወደ ታች ወረዱ። ሦስቱ አልተረፉም።

ስለዚህ በመጋቢት ሦስት ነገር ይለቅ። የቤቱ ቆርቆሮ ፍሳሽ ወደ ኩሬው የሚወርድ ከሆነ አዙሩት፤ የበጋው አቧራና የወፍ ኩስ የሚታጠበው በመጀመሪያው ዝናብ ነው። ኩሬው ሲሞላ ትርፉ የሚወጣበት ቱቦ ወንፊት ይኑረው፤ አለዚያ ዓሣው ከውሃው ጋር ይሄዳል። ባልዲውም ኩሬው አጠገብ ይቀመጥ። ዝናብ ባደረበት ጠዋት መጀመሪያ ኩሬውን እዩ፤ ዓሣው አፉን ከከፈተ መኖ የለም፣ የኩሱ ጆንያ ይወጣል፣ ውሃው ይረጫል።

አጥሩንም አሁን አጥብቁ። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ለሕፃን ልጅ ገዳይ ነው፤ በሩ ከላይ በኩል የሚቆለፍ ይሁን። ለወፎቹ ደግሞ ኩሬው ላይ በየ40 ሴንቲ ሜትሩ ሲባጎ ዘርጉ። ረጅም እግር ያላቸው ዓሣ አዳኝ ወፎች ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ፤ አንዱ በሳምንት ውስጥ ግማሹን የዓሣ ጫጩት ይለቅማል።

ደሴ ላይ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከኮምቦልቻ በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ ባይሞላም ለዓሣ ሌላ አገር ናት። ጦሳ ተራራ ሥር ያለ ክፍት ኩሬ ውስጥ ቆሮሶ ይኖር ይሆናል፤ በደንብ ግን አያድግም። ደሴ ላሉ ሰዎች ካርፕ የተባለውን ዓሣ እመክራለሁ። ብርዱን ይችላል፣ በ12 እና 13 ዲግሪም ጥቂት ይበላል፣ ከ20 በላይ ሲሆን ደግሞ ጥሩ ያድጋል። ኩሬውን 1.5 ሜትር አጥልቁት፤ ሥሩ በሌሊት ቶሎ አይቀዘቅዝም። ዝግጅቱን ከኮምቦልቻ ሁለት ሦስት ሳምንት አዘግዩት። ሌሊት ሌሊት ኩሬውን በነጭ ፕላስቲክ የሚሸፍኑ ሰዎች ሥራቸው ትክክል ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ መክፈታቸውን ብቻ እንዳይረሱ።

አዲስ ጫጩት ማስገባት

ቅርቡ ምንጭ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው ሐይቅ ነው፤ ቆሮሶም አምባዛም ካርፕም አለው። ከአጥማጅ የሚገዛ ጫጩት ግን ዕድሜው የተደባለቀ ነው፤ ትንሽ መስሎ ያረጀ አለበት። እኩያ የሆነ ጫጩት ከፈለጋችሁ የሰበታ፣ የባቱና የባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከላት ያራባሉ፤ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል በጊዜ ጠይቁ። ጫጩቱ ከመምጣቱ ሁለት ቀን በፊት መኖ እንዳይሰጠው ንገሯቸው፤ የጠገበ ዓሣ መንገድ ላይ የራሱን ውሃ ያበላሻል።

ጉዞው ማታ ወይም ጎህ ሳይቀድ ይሁን። ላስቲኩ ሲደርስ አፉ እንደታሰረ ኩሬው ላይ 20 ደቂቃ አንሳፍፉት። ከዚያ ፈትታችሁ በየአምስት ደቂቃው አንድ ብርጭቆ የኩሬ ውሃ ጨምሩ፤ ላስቲኩ እጥፍ ሲሆን ጎን አድርጋችሁ ያዙት፣ ራሳቸው ይውጡ። የላስቲኩን ውሃ ኩሬው ውስጥ አትድፉ። ነባሮቹ ትልልቅ ከሆኑ ጫጩቶቹን ለመጀመሪያው ወር በአጎበር ጨርቅ በተሰፋ ቅርጫት ውስጥ ለብቻ አቆዩአቸው። በመጀመሪያው ቀን መኖ አይሰጣቸውም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት አንድ ቁንጥር የተፈጨ ፉርሽካ በተኑና ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ ሲለቅሙት ትንሽ የሚንጫጫ ድምፅ ከውሃው ገጽ ይሰማል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተሩ ላይ አዲስ ገጽ ከፍታችሁ ቀኑን፣ ቁጥራቸውንና የዐሥሩን አማካይ ክብደት ጻፉ።